አባባ፣ እርስዎ ምን ይፈልጋሉ?

ሽማግሌው አምስቱንም ጣታቸውን ዘርግተው አሳዩኝ። ጮክ ብለው የመናገር አቅም አልነበራቸውም።

ለጽኑ ህሙማን በምንሟገትበት በእኛ ሥራ ህመም በእጅ ይለካል። የተጨበጠ እጅ ህመም የለም ማለት ነው። አንድ ጣት ትንሽ ነው። አምስት ጣት ከዚህ በላይ አልችልም ማለት ነው። ፊደል ያልቆጠረም፣ መናገር ያቃተውም ይግባባበታል።

ቤቱ መንዝ ውስጥ ነው፤ ከመሀል ሜዳ በእግር ሁለት ሰዓት ያስኬዳል። አባባ ጓዳ ውስጥ ሁለት ባና ተደርቦላቸው ተኝተዋል። መስኮት የለም። የኩበት ጭስ ዓይን ያቃጥላል። ገና በር ላይ ሳለሁ ትልቁ ልጃቸው ክንዴን ይዞ "እህቴ፣ አደራሽን፣ ነቀርሳ መሆኑን እንዳትነግሪብን" ብሎኛል። ከሆስፒታል ይዘውት የመጡት ወረቀት ላይ በሽታው በእንግሊዝኛ ተጽፏል። ለቤተሰቡ በአማርኛ የተነገረው ግን "ከዚህ በኋላ የምናደርገው ነገር የለም፣ ቤት ይዛችኋቸው ሂዱ" የሚለው ብቻ ነው። ለህመሙ ፓራሲታሞል ተሰጥቷቸዋል።

አጠገባቸው ቁጭ ብዬ "አባባ፣ እርስዎ ምን ይፈልጋሉ?" አልኳቸው። ልጆቹ እርስ በእርስ ተያዩ። ስምንት ወር ሙሉ ከጠበል ጠበል፣ ከሐኪም ሐኪም ሲያመላልሷቸው እንዲህ ብሎ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። ልጆቹ ክፉ ሆነው አይደለም። በሬ ሸጠዋል፣ ተበድረዋል፣ በቃሬዛ ተሸክመው አስፋልት አውጥተዋቸዋል። መጠየቅ ብቻ አልታሰባቸውም።

አባባ ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ "ከብቶቹ ሲገቡ ማየት" አሉ። ጆሮዬን አስጠግቼ ነው የሰማሁት።

ጓዳ የገቡት ጠያቂ ሰው ክሳታቸውን እንዳያይ ነበር። ያን ቀን ከሰዓት የጠፍር አልጋቸውን ተሸክመን በሩ አጠገብ አዞርነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ላሞቹ መጡ። አባባ ከንፈራቸውን ሲያንቀሳቅሱ አየሁ። እየቆጠሩ ነበር።

ይህን ሥራ የጀመርኩት በ2007 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ነርስ ነበርኩ። አሁን ደብረ ብርሃን ላይ በተቋቋመች ትንሽ ማህበር ውስጥ ለጽኑ ህሙማን መብት እሟገታለሁ። ወጣት ነርሶችና የሶሻል ወርክ ተመራቂዎች እዚህ ሥራ እንዴት ይገባል ይሉኛል። ቤታቸው ጽኑ ህመምተኛ ያለባቸው ሰዎችም ይደውላሉ። ለሁለቱም የማውቀውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ህመሙ ነው። አምስት ጣት ያነሳ ሰው ስለ መብት፣ ስለ ኑዛዜ፣ ስለ ልጆቹ ሊያወራ አይችልም። ሌላው ሁሉ የሚመጣው ህመሙ ሲበርድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ህመም በደረጃ እንደሚታከም መመሪያ ካወጣ ቆየ፤ እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ታችኛው ደረጃ ላይ ፓራሲታሞልና መሰሎቹ፣ መሀል ላይ እነ ኮዴይን፣ ላይኛው ላይ ሞርፊን አለ። ሞርፊን ሲባል ብዙ ሰው መርፌ ይመስለዋል። በአፍ የሚወሰድም አለ። ዶክተር አን ሜሪማን እ.ኤ.አ. በ1993 ኡጋንዳ፣ ካምፓላ ላይ ሆስፒስ፣ ማለትም የማይድን ህመም ያለበትን ሰው የሚያስታምም ተቋም፣ ሲያቋቁሙ የተነሱት በዚሁ ነው፤ ዱቄቱ በውሃ ተበጥብጦ በጠርሙስ የሚሰጥ፣ ድሃ የሚችለው መድኃኒት። እኔ ይህን ሳውቅ ተናደድኩ። በነርስነቴ ስንቱ ሲጮኽ አድሬያለሁ።

ለአባባ ሐኪሙ ፈሳሽ ሞርፊን ያዘዘላቸው ከብዙ ምልልስ በኋላ ነው። በየአራት ሰዓቱ ይወሰዳል። ቤቱ ውስጥ የግድግዳ ሰዓት የለም። ስለዚህ ከብት ሲወጣ አንድ፣ ረፋድ ላይ አንድ፣ ከምሳ በኋላ አንድ፣ ከብት ሲገባ አንድ አልን፤ መሀል ያሉትን በልጁ ሞባይል ደወል አስተካከልን። የመኝታው መጠን እንደ ሐኪሙ ትዕዛዝ እጥፍ ነው፤ ሌሊት እንዳይቀሰቀሱ። መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ላይ የመጠኑ መስመር ጋ ቀይ ክር አሰርኩ። ምራታቸው ቁጥር አታነብም፤ ክሩን ግን አትስትም።

እዚህ ላይ ትልቅ ጥፋት አጠፋሁ። ቤተሰቡን ሳላስጠነቅቅ ሄድኩ።

ህመም ለወራት እንቅልፍ የነሳው ሰው ህመሙ ሲቆም ይተኛል። መድኃኒቱም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያንጎላጃል፤ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ቀን በኋላ ይለቃል። ይህን አልነገርኳቸውም። በሦስተኛው ቀን ልጁ ደወለ። "አባቴን ገደልሽው" አለኝ። አባባ ሁለት ቀን ሙሉ ከመኝታ አልተነሱም። ልጁ ጠርሙሱን ደጅ ላይ ደፍቶታል። በዚያው ሌሊት ህመሙ ተመለሰ። ሞርፊን ልዩ ማዘዣ የሚጠይቅ መድኃኒት ስለሆነ ከሱቅ እንደሚገዛ ነገር ወዲያው አይተካም። ሌላ ጠርሙስ እስኪገኝ አራት ቀን ፈጀ። አባባ አራት ቀን አምስት ጣት እያነሱ አሳለፉ። ያ የእኔ ጥፋት ነው።

ከዚያ ወዲህ ከማንም ቤት ሦስት ነገር ሳልናገር አልወጣም። መጀመሪያ ይተኛሉ፣ አትደንግጡ፤ ነገር ግን ስትቀሰቅሷቸው ካልነቁ ወይም ትንፋሻቸው ከዘገየ ወዲያው ደውሉ። መድኃኒቱ ሆድ ያደርቃል፣ ስለዚህ የሚያለሰልሰው መድኃኒት ከመጀመሪያው ቀን አብሮ ይሰጥ። ሐኪም ሳያዝ አትጨምሩ፣ አትቀንሱ፣ በድንገትም አታቁሙ። "ሱስ ያስይዛል" የሚል ጎረቤት ሁሌም ይመጣል። ለህመም በሐኪም ቁጥጥር የሚወሰድ ሞርፊንና የሱስ ጉዳይ የተለያየ መሆኑን ቡና ላይ ቁጭ ብላችሁ አስረዱት። ጎረቤቱን ካላሳመናችሁ ቤተሰቡን አላሳመናችሁም።

አሁን ወደ ምርጫው ልምጣ። ከውጭ አገር ባልደረቦች ጋር ስንገናኝ "የህይወት ፍጻሜ ምርጫ" የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ነገር ነው። አሜሪካ ውስጥ የኦሪገን ግዛት ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ1994 ድምፅ ሰጥቶበት በ1997 ሥራ ላይ የዋለ ህግ አለ። ከስድስት ወር በላይ አይኖርም የተባለ ታማሚ ህይወቱን የሚጨርስበትን መድኃኒት ከሐኪም ተቀብሎ ራሱ መውሰድ ይችላል። ኔዘርላንድም እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ የራሷ ህግ አላት። እዚያ ለዚህ የሚሟገቱ ድርጅቶች አሉ፤ ብዙዎቹ ያመኑበትን የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። እኛ አገር ግን ሰው በልመናው ቢሆንም መግደል ወንጀል ነው። ራሱን እንዲገድል መርዳትም በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ህግ አንቀጽ 542 ያስቀጣል። ወደዚህ ሥራ የምትገቡ ይህን ከመጀመሪያው ቀን እወቁ። እኔም ለዚያ አልሟገትም። የምሟገተው ሰው እስኪሞት ድረስ እንዴት እንደሚኖር የሚለውን ራሱ እንዲወስን ነው።

ግን "ግደሉኝ" የሚል ሰው ያጋጥማችኋል። አትደንግጡ፣ አትቆጡ። ከሸዋ ሮቢት ወረድ ብሎ ያሉ አንዲት እናት የማህፀን በር ካንሰር ነበረባቸው። "አንድ መርፌ ወግታችሁ ገላግሉኝ" አሉኝ። "እማማ፣ ከሁሉም የከበደዎት ምንድን ነው?" አልኳቸው። ህመሙ ይሆናል ብዬ ነበር። "ሽታዬ" አሉ። የልጅ ልጃቸው አጠገባቸው መምጣት ካቆመ ሰንብቷል። የቁስል ሽታ የሚያጠፋ ነገር አለ። ለአሜባ የምናውቀው ሜትሮኒዳዞል ተፈጭቶ ቁስሉ ላይ ይደረጋል። ሐኪሙ አዘዘላቸው፣ ልጃቸው ማድረጉን ተማረች። በሚቀጥለው ጉብኝት ሕፃኑ እግራቸው ሥር ተኝቶ አገኘሁት። እማማ የመርፌውን ነገር ደግመው አላነሱም። ሁሌ እንዲህ ያበቃል ብዬ አልዋሽም። እስከ መጨረሻዋ ቀን የለመነችን ሌላ ሴት አለች፤ መልስ አልነበረኝም፤ እጇን ይዤ ቁጭ አልኩ።

ህጋችን ለታማሚ የሚሰጠው ነገር የለም ማለት ግን አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ህግ አንቀጽ 20 ማንም ሰው ምርመራን ወይም ህክምናን በማንኛውም ጊዜ እምቢ ማለት እንደሚችል ይደነግጋል። የዚያን ገጽ ፎቶ ኮፒ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ እዞራለሁ። አንድ ታማሚ "ሁለተኛ ኬሞ አልፈልግም፣ ቤቴ ልግባ" ሲል፣ ወንድሞቹ ደግሞ "እኛ ከፍለናል፣ ይታከማል" ሲሉ ወረቀቱን አውጥቼ አነባለሁ። መጣላት አያስፈልግም። ሰው ህግ በአማርኛ ሲነበብለት ቀስ ይላል።

ስለ መደበቅም ልናገር። በእኛ አገር ክፉ ወሬ በድንገት አይነገርም። መርዶ እንኳ ሌሊት፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በሥርዓት ነው። ስለዚህ ልጆች ለአባታቸው መደበቃቸውን በንቀት አላየውም። ግን የሚጠየቀው ታማሚው ነው። እኔ "ነቀርሳ ነው" ብዬ አልጀምርም። "ስለ ህመምዎ ምን ያውቃሉ?" እላለሁ። ቀጥዬ "ሐኪሙ ያገኘውን ለእርስዎ ልንገርዎ ወይስ ለልጅዎ?" እላለሁ። "ለልጄ ንገሪው፣ እኔ ማወቅ አልፈልግም" የሚል አለ። ያም ምርጫ ነው፤ ይከበርለታል። አባባን ስጠይቃቸው ግን ፈገግ አሉ። "ልጄ፣ እኔ ካወቅኩ ቆየሁ። እነሱ እንዳይደነግጡ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።" በአንድ ጣራ ሥር አባት ለልጆቹ፣ ልጆች ለአባታቸው ሲደብቁ ስምንት ወር ሆኗቸዋል። ያን ማታ አብረው አለቀሱ። በማግስቱ የጎረቤት የድንበር ጉዳይ፣ የብድሩ ነገር፣ የትንሿ ልጅ ትምህርት ሁሉ ተወራ።

ኑዛዜም የወጣው ያኔ ነው። ኑዛዜ እንዲጸና ፎርሙን ማወቅ አለባችሁ። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ ተናዛዡና አራት ምስክሮች ባሉበት ተነቦ ይፈረማል። ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። ስንት ቤተሰብ ሁለት ሽማግሌ አስፈርሞ ጨርሻለሁ ብሎ በኋላ ፍርድ ቤት ሲንከራተት አይቻለሁ። እኛ ጠበቃ አይደለንም። ግን "ምስክር አራት ነው" ብሎ መናገር ብዙ ጠብ ያስቀራል።

ከቄሶች ጋር ሳይሠሩ በሰሜን ሸዋ ይህን ሥራ መሥራት አይቻልም። ታማሚው ጻድቃኔ ማርያም ልሂድ ካለ ይሂድ። እኔ የማየው መድኃኒቱ አብሮት መሄዱን ነው። በኤች አይ ቪ ጊዜ "ጠበል ወይስ ኪኒን" የሚለው ጭቅጭቅ ብዙ ሰው ጎድቷል። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በአደባባይ ሲናገሩ ብዙ ነገር ቀለለ። እኔም ለሞርፊን ይህንኑ አነሳለሁ። የንስሐ አባትን ቀድሜ አነጋግራለሁ። እሳቸው "ውሰድ ልጄ" ካሉ ከእኔ አሥር ቃል ይበልጣል። ሙስሊም ቤት ስሄድም እንደዚያው ኢማሙን አስቀድማለሁ።

ይህ ሁሉ ቤት ለቤት ነው። ሙግቱ ደግሞ ቢሮ ነው፤ ብዙ ጀማሪዎች የሚሰለቹትም እሱን ነው። አንድ ምሳሌ። በአንድ ሆስፒታል ሞርፊን የለም። ለምን? ስላልተጠየቀ። ለምን አልተጠየቀም? ሐኪሞቹ አያዙትም። ለምን አያዙትም? ስለሌለ። ግዥ የሚጠየቀው አምና ያለቀውን አይቶ ነው፤ አምና ደግሞ አልነበረም። ይህን ክብ የሰበርነው በጩኸት አይደለም። ከሆስፒታሉ ፈቃድ አግኝተን፣ ነርሶቹ እንደ ሙቀትና እንደ ደም ግፊት የህመምን ጣት በየቀኑ ካርድ ላይ እንዲጽፉ ለመንናቸው። ሦስት ወር ቆይተን ካርዶቹን ስብሰባ ላይ ዘረጋን። የፋርማሲው ኃላፊ ዝም ብለው አገላበጧቸው። "ይሄ ሁሉ አምስት?" አሉ። በሚቀጥለው ግዥ ሞርፊን ገባ። እና አጀንዳችሁን ቁጥር ያለው አድርጉት። "ህመምተኞች እየተሰቃዩ ነው" ስትሉ ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል፤ ካርድ ስታሳዩ ግን ፊርማ ይመጣል። አገራችን የማስታገሻ ህክምና ብሔራዊ መመሪያ አላት፤ አትማችሁ ያዙት፤ ያላየው ኃላፊ ብዙ ነው።

ስለ ማህበር ህይወት በአጭሩ። እኔ ስጀምር የነበረው አዋጅ 621/2001 ከበጀቱ ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ማህበር የመብት ሥራ እንዳይሠራ ይከለክል ነበር። ስለዚህ ሰነዶቻችን ላይ "መብት" የሚለውን ቃል እያወጣን "እንክብካቤ" እንጽፍ ነበር። ያንኑ ሰው ለመርዳት ቃል መደበቅ ያማል። በአዋጅ 1113/2011 ያ ተነሳ። አሁን "የታማሚ መብት" ብለን እንጽፋለን። አዲሱ አዋጅ የአስተዳደር ወጪን ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይገድባል፤ ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ከመጀመሪያው ይኑራችሁ። ደመወዙ ከፕሮጀክት ጋር የታሰረ ነው። ፕሮጀክት ሲዘጋ ያለ ደመወዝ የሠራሁባቸው ወራት አሉ። ቤተሰብ የምታስተዳድሩ ከሆነ ሌላ ገቢ ሳትይዙ ሙሉ በሙሉ አትግቡ። ይህን የነገረኝ አልነበረም፤ እኔ ልንገራችሁ።

በ2014 ዓ.ም. ህዳር ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትንና የደብረ ሲናን አካባቢ ሲያዳርስ ታማሚዎቻችን ተበተኑ። ደብረ ብርሃን ተፈናቃይ በሞላበት አንድ ክፍል ውስጥ፣ ነጠላዋ ጫፍ ላይ የመድኃኒት ጠርሙስ ቋጥራ የመጣች ሴት አገኘሁ። ልብስ አልያዘችም። ጠርሙሱን ይዛለች። ከዚያ ወዲህ ለእያንዳንዱ ታማሚ የመድኃኒቱን ስም፣ መጠኑንና ያዘዘለትን ሐኪም በአንድ ትንሽ ወረቀት ጽፈን በላስቲክ እንሰጣለን። መንገድ ሲዘጋ ያ ወረቀት ሌላ ጤና ጣቢያ ላይ ይሠራል።

ለመጀመር ምን ያስፈልጋል? ትልቅ ዲግሪ አያስፈልግም። የሆስፒስን ሥራ በዘመናዊ መልኩ የጀመሩት ሲስሊ ሳንደርስ ነርስ፣ ከዚያ ሶሻል ወርከር፣ ከዚያ ሐኪም ነበሩ፤ ለንደን ላይ ሆስፒሳቸውን እ.ኤ.አ. በ1967 ከፈቱ። ሦስቱንም መሆን አይጠበቅባችሁም። ግን ሦስቱንም ማክበር ልመዱ። አዲስ አበባ ያለው ሆስፒስ ኢትዮጵያ ቤት ለቤት የሚሠራውን ሄዳችሁ እዩ። በሰፈራችሁ ካለች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጋር አንድ ሳምንት ዙሩ። ማን ቤት ማን ተኝቶ እንዳለ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። እድር ላይ ተናገሩ። እድር የሚመጣው ሰው ከሞተ በኋላ ነው፤ እኛ ጋ ሁለት እድሮች ዛሬ በህይወት ላለ ታማሚ የአስታማሚ ተራ ያወጣሉ። ሌሊት ተራ የሚይዝ ጎረቤት ማግኘት ለአንዲት ምራት ምን ማለት እንደሆነ እሷን ጠይቋት።

ለቅሶም ትሄዳላችሁ። እኔ በየሳምንቱ የምሄድበት ጊዜ ነበር። አንድ ዓመት ላይ እቤቴ ገብቼ ለልጄ መልስ መስጠት አቃተኝ። ባልደረቦቼ አስገድደው ወር አሳረፉኝ። አሁን ዓርብ ከሰዓት ሁላችንም ቡና አፍልተን ያረፉትን ስም እናነሳለን። ማልቀስ የፈለገ ያለቅሳል። ይህን ከሥራ ሰዓት ላይ ነው የምናደርገው፤ ሥራ ነውና።

አባባ ያረፉት በሩ አጠገብ ነው። የመጨረሻ ጊዜ ሳያቸው እጃቸውን ጠየቅኳቸው። አንድ ጣት አነሱ፤ ከዚያ እሷንም አጠፏት።

ባለፈው ጥር ያ ጠርሙሱን የደፋው ልጃቸው ደወለ። "ጎረቤታችን ታማለች" አለኝ። "ጣቷን አስቆጥሬያታለሁ፤ አራት ነው ያነሳችው።"

"ምን እንደምትፈልግ ጠየቅካት?" አልኩት።

"ጠይቄያታለሁ። ፀሐይ መሞቅ ትፈልጋለች፤ አውጥተናታል። ሐኪሙን ግን አንቺ ነሽ የምታነጋግሪልን።"

በማግስቱ በመጀመሪያው መኪና ወደ መሀል ሜዳ ወጣሁ።